«ጠባሳው ይጥፋ»

የካቲት 4፣ ረቡዕ። ጠዋት 3 ሰዓት

ፊክሰሩ፣ ፎቶ የሚያጸናው መድኃኒት፣ ደክሟል። አዲስ መበጥበጥ አለብኝ። ዘጠኝ የመታወቂያ ፎቶ ይጠብቀኛል። ሁሉም ጥቁርና ነጭ፣ ሁሉም ለቀበሌ፣ ሁሉም «ዛሬ ይድረስልኝ»። አንዱ ነጋዴ ጆሮህ አልታየም ተብሎ ተመልሶ መጣ። ጆሮውን ኮፍያ ውስጥ የደበቀው እሱ፣ የሚቆጣው እኔን።

ደብተሬ፣ ሌላም ወሬ አለ። ትናንት ሊነጋጋ ሲል ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው የኪራይ ግቢ ተቃጠለ። ስድስት ክፍል፣ መካከሉ በኮምፔንሳቶ የተከፈለ። አራት ሰው ሞተ። ወ/ሮ ሰሚራ ከሁለት ልጆቿ ጋር (ባሏ አቶ ከድር ዕቃ ሊያመጣ አ.አ. ነበር)፣ እና መሠረት የምትባል ብቻዋን የምትኖር ልጅ። ከመብራት ነው ይላሉ። ከምድጃ ነው ይላሉ። እኔ ያየሁት ጭሱን ብቻ ነው፤ ከቤቴ ደጃፍ፣ ጥርሴን እየፋቅሁ።

ባለቤቴ አስናቀች ከትናንት ጀምራ ለቅሶ ቤት ናት። ሽሮ ራሴ ሠራሁ። ጨው በዛበት።

የካቲት 6፣ ዓርብ

ሦስት እድር፣ አንድ ድንኳን። ክርስቲያኑም እስላሙም ጴንጤውም እዚያው ተቀምጧል። በመጀመሪያው ቀን የወንበር አቀማመጥ ላይ ትንሽ ተከራክረዋል አሉ። ከዚያ ወንበሩ አነሰና ክርክሩም ቀረ።

የእድሩ ሊ/መንበር አቶ ወልዴ ሱቅ መጣ። ሁለቱም እጆቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ ሬሳ ካወጡት አንዱ እሱ ነው። ፎቶ ይፈልጋል። የቤቱ ዕቃ ሁሉ አመድ ሆኗል፣ አንድም ምስል አልተረፈም። ፎቶ የሌለው ለቅሶ ሰው አያለቅስበትም አለ። የአሥራ አራት ዓመት ኔጌቲቭ እንዳለኝ ያውቃል። ሁሉም በፖስታ፣ ፖስታው ላይ ስምና ሰፈር፣ ፖስታው ደግሞ በጫማ ካርቶን። እፈልጋለሁ አልኩት።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

አገኘሁ። የሰሚራና የልጆቿ በዒድ ቀን የተነሱት አለ፤ ትንሹ ልጅ ፊኛ ይዞ ወደ ጎን ያያል። ሌላ ፖስታ ላይ «መሠረት፣ መናኸሪያ» ይላል። ፈገግ ያለች፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ የያዘች ልጅ። 30 በ40 አድርጌ አሳደግኋቸው። የመሠረት በጣም ተሳካ። ብርሃኑ ከግራ ነው፣ ዓይኗ ውስጥ ነጥብ አለ። እንዲህ ያለ ሥራ በዓመት አንዴ ቢወጣልኝ ነው። እንዲህ ማሰብ ነውር ነው፤ ግን አሰብኩ።

የካቲት 8፣ እሑድ

አቶ ከድር የሚስቱና የልጆቹ ፎቶ ድንኳን ውስጥ እንዲቆም አልፈለገም። በእኛ ዘንድ እንዲህ አይደረግም አለ፣ በትሕትና። ፎቶዎቹን ተቀበለኝ። ሳያያቸው ኮቱ ውስጥ ከተታቸው። ጋሽ ታዬ፣ አላህ ይስጥልኝ ብሎኝ ሄደ።

ስለዚህ ድንኳኑ ውስጥ የቆመችው መሠረት ብቻ ናት።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ሰባተኛው ትናንት አለፈ፣ ሰዉ ግን እየጨመረ ነው። የሚገባ ሁሉ ፎቶዋን ያይና ይንሰቀሰቃል። ለአራቱም የሚለቀሰው በእሷ ፊት ነው። አንዷ ሴትዮ ይቺን የመሰለች ልጅ እያለች ደረቷን ደቃች። ሌላዋ ጠዋት ጠዋት ሰላም ትለኝ ነበር አለች። አንዱ ሽማግሌ ዕቃ ይዤ ስታየኝ ሮጣ ታግዘኝ ነበር አሉ። የግቢው ተከራዮች ለጥቂት ጊዜ ተጠራጥረው ነበር። ልጅቷ ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ ሳይነጋ ወጥታ ሲመሽ ነበር የምትመለሰው። ፎቶ ሰው ይለውጣል ተባባሉና እነሱም አለቀሱ።

ከምትሠራበት ሆቴል፣ ከሐይቅ ዳር፣ አራት ሴቶች መጡ። አንደኛዋ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ እኔን አየች። ጀርባዋን ለፎቶው ሰጥታ ተቀመጠች።

ለእኔም ደረሰኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው አንተስ ፎቶ አንስተሃታል፣ ታውቃታለህ ብሎ ጠየቀኝ። ትሑት ልጅ ነበረች አልኩት።

ደብተሬ፣ ለአንተ ልዋሽ አልችልም። አላስታውሳትም። እኔ የማውቀው ሰውን በፊልም ላይ ነው፤ ጸጉሩ ነጭ፣ ጥርሱ ጥቁር። «አገጭህን ዝቅ» ካልኩት በኋላ ማንም ይሁን ማን ለእኔ አገጭ ነው።

የካቲት 15፣ እሑድ

ድንኳኑ ፈርሷል። ፎቶው ወደ ተቃጠለው ግቢ በር ተዛውሯል፤ ፕላስቲክ አልብሰው፣ ከሥሩ ሻማና የቡገንቪላ አበባ። ተማሪዎች በሰልፍ መጥተው አዩ። ከዞን የመጡ ሰዎችም አጠገቡ ቆመው ፎቶ ተነሱ (ያነሳኋቸው እኔ ነኝ፤ ሁለቱ ዓይናቸውን ጨፍነዋል)። በአርባኛው ቀን፣ መጋቢት 12፣ የመታሰቢያ ሐውልት ይመረቃል ተባለ። ተዝካር አይደለም፣ የሁሉም መታሰቢያ ነው እንዲባል ተስማሙ። የአራቱም ስም ይቀረጻል። ፎቶው አንድ ብቻ፤ የመሠረት።

አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ ከሐይቁ መጥተው ግድግዳው ላይ ቆመዋል። ማንም አያባርራቸውም።

የካቲት 19፣ ሐሙስ። ከሰዓት

የመሠረት እናት መጡ። ወ/ሮ ዱሬቴ ይባላሉ። ከሲዳማ ገጠር ናቸው። ወሬው ዘግይቶ ነው የደረሳቸው፤ ቀብር አልደረሱም። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ናቸው እየመሩ ያመጧቸው። አማርኛቸው ትንሽ ነው፣ የእኔ ሲዳምኛም የገበያ ነው፤ መሃል ላይ ተገናኘን።

የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ከኋላቸው ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃዬ። ከግቢው በር ነው የመጡት፣ ፎቶውን አይተዋል፣ በፕላስቲኩ ላይ ስመውታል። ልጅቷ ከቤት ስትወጣ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ስድስት ዓመት አላዩዋትም። አደገች አሉ። ወፈረችም። ቆንጆ ሆነች።

ከዚያ መረቁኝ። «ጠባሳውን አጠፋህላት። ጌታ ይባርክህ።»

«ግን መልስልኝ» አሉ።

እንሰት ሲፍቁ ነው። ልጅቷ ሦስት ዓመቷ፣ ጀርባቸው ላይ ተንጠልጥላ ወደፊት ስትጎነበስ፣ ቢላዋው ከእጃቸው አመለጠ። ከቀኝ ቅንድቧ በላይ። ዳነ፣ ግን ጠቁሮ ቀረ። ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ፤ የበቆሎ ፍሬ ታክላለች። «የእኔ እጅ ነው። እሱን ሳይ ልጄ ናት። መልስልኝ፣ ወንድሜ።»

እሺ አልኩ። እሺ የሚባል ቃል በራሱ ነው ከአፍ የሚወጣው። ለአርባው እመለሳለሁ ብለው ወደ ገጠር ሄዱ።

የካቲት 20፣ ዓርብ

ኔጌቲቩን መስታወቱ ላይ አድርጌ፣ ከሥሩ አምፖል፣ ከላይ ሌንስ።

ደብተሬ፣ ጠባሳ እንዴት እንደሚጠፋ ልንገርህ። ፊት ላይ የጠቆረ ነገር ፊልም ላይ ክፍት ሆኖ ይታያል። ቫርኒሽ ቢጤ ይቀባና በቀጭን እርሳስ ነጥብ በነጥብ ይሞላል። ሲታተም ቆዳ ይሆናል። ሠርገኞች ሲለምኑኝ የማደርገው ነው። በሌንስ ሲታይ ግን እርሳሱ አይደበቅም።

እዚህ ፊልም ላይ እርሳስ የለም። ቅንድቡ ላይ የለም፣ የትም የለም። ጠባሳ አላጠፋሁም። ይቺ ልጅ ጠባሳ ኖሯት አያውቅም።

ከተማው ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለቀሰው በሌላ ሰው ፊት ላይ ነው። እናትየው የሳሟት የሌላ ሰው ልጅ ናት። የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

ሁለት መታወቂያ አነሳሁ።

የካቲት 23፣ ሰኞ

ጠዋት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ፊልሙን በምላጭ ጫፍ ትንሽ ብፍቀው፣ ሲታተም ጥቁር ምልክት ይወጣል። ከቀኝ ቅንድብ በላይ፣ የበቆሎ ፍሬ የምታክል። የአሥር ደቂቃ ሥራ። እናትየው ይጽናናሉ፣ ሐውልቱ ይቆማል፣ እኔም ስሜ ይተርፋል። ማን ይጎዳል?

ምላጩን ይዤ ሳለ በሩ ተከፈተ። የፎቶዋ ልጅ ገባች። በእግሯ።

መሠረት ናት፤ ሌላዋ መሠረት። ልብስ ሰፊ ናት፣ መናኸሪያ ሰፈር የምትኖር። እህቷ ወልዳ ልታርሳት ሻሸመኔ ወር ያህል ከርማ ዛሬ መመለሷ ነው። ከአውቶቡስ ወርዳ ጋሪ ያዘች። ነጂው ዞሮ አያት፣ አማተበ፣ ውረጂልኝ አለ። ሻንጣዋን ተሸክማ በእግሯ ስትሄድ የራሷን ፊት አየች፤ ከሥሩ ሻማ።

«ጋሽ ታዬ፣ እኔ መቼ ነው የሞትኩት?»

ሳቅሁ። ልሳቅ ብዬ አይደለም። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ተበላሸና ማልቀስ ጀመረች። ሟርት ነው አለች። ወልዳ የተኛች እህቴ ብትሰማ ጡቷ ይነጥፋል አለች። እናቴ ብትሰማ ትሞታለች አለች። ይቅርታ አልኳት። ይቅርታህን ሻማው አጠገብ አስቀምጠው አለችኝ። በር ላይ ደርሳ ተመለሰች።

«አርባዬ ሳይወጣ አውርደኝ።»

ምላጩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ለአቶ ወልዴ ነገርኩት። የሱቁን በር ዘጋና ሁሉንም ሰማ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ድንጋዩ ተቀርጿል፣ መስታወቱ ተለክቷል፣ እንግዶች ተጠርተዋል አለ። ሰዉ እውነተኛ እንባ ነው ያለቀሰው፤ አሁን ሌላ ሰው ናት ብንለው ሁለተኛ ለማን ያለቅሳል? ልጅቷን ታገሺ በላት፣ ከምርቃቱ በኋላ ቀስ ብለን እናነሳዋለን። ዝም አይነቅዝም አለኝ።

እጁን አየሁት። ጨርቁ ተፈቷል፣ ቆዳው ገና ቀይ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ለመልስ ባልተቸገርኩ።

ማታ ለአስናቀች ነገርኳት። ራት አቀረበች። ወጡን ጨለፈች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አለች። ያቺን ፎቶ እያየች ስንት ቀን እንዳለቀሰች አውቃለሁ።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

ከካርቶን ወደ ካርቶን። ትክክለኛዋ መሠረት እኔ ዘንድ ተነስታ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። መነሳት ግን ነበረባት፤ ሆቴሉ ሠራተኛ ሲቀጥር ፎቶ ይጠይቃል፣ የሆቴሉ ሰዎች ደግሞ የሚመጡት እኔ ጋ ነው። ግንባር ላይ ክፍት ነጥብ እፈልጋለሁ። የቀኝ ቅንድብ። ሦስት ካርቶን ጨረስኩ። የሞቱ ሰዎች አገኘሁ፣ የተፋቱ አገኘሁ፣ ጸጉር የነበረኝ ጊዜ ራሴን አገኘሁ።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ሰባት ካርቶን። የለችም። ዓይኔ አብጧል። ነገሩን ሰምቶ ከሻሸመኔ የመጣው የልብስ ሰፊዋ ወንድም በሱቁ በር ሁለት ጊዜ አለፈ፤ ሰላም አላለኝም።

መጋቢት 7፣ ሰኞ። 10 ሰዓት

አገኘኋት።

ካርቶን ውስጥ አይደለችም። ታትመው ባለቤታቸው ያልመጣላቸውን የማስቀምጥበት መሳቢያ አለኝ፤ ምላጩን የከተትኩበት ያው መሳቢያ። ምላጩን ፈልጌ ስከፍተው ከሥሩ ፖስታ። ጽሑፉ የእኔ ነው፦

«መሠረት፣ ሐይቅ ዳር። 1 ፖስት ካርድ። ጠባሳው ይጥፋ። ለእናት የሚላክ።»

መናኸሪያ ትኖራለች ተብዬ በሰፈሯ ፈለግኋት። እኔ ግን በሥራ ቦታዋ ነበር የጻፍኳት። ነገሩ ይኸው ነው።

ውስጡ ያለቀ ፎቶና ኔጌቲቩ። ቀጠን ያለች፣ አንገቷ ረዘም ያለ፣ የሆቴል ጋውን የለበሰች። አልሳቀችም፣ ግን ልትስቅ ነው። ግንባሯ ንጹሕ ነው። ፊልሙን ሌንስ ሥር አደረግሁት፤ እርሳሱ አለ፣ ነጥብ በነጥብ፣ ከቀኝ ቅንድብ በላይ። አሳምሬ ነው የሠራሁት።

ረጅም ጊዜ አየኋት። አሁንም አላስታውሳትም። ምን አለችኝ? ለምን ይጥፋ አለች? ስለ እናቷ ነገረችኝ? ነግራኝ ይሆናል። እኔ «አገጭሽን ዝቅ» እያልኩ ነበር።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

እናትየው መልስልኝ ብለዋል። ልጅቷ ይጥፋ ብላለች፤ ያውም ለእናቷ ብላ። የማንን ቃል ልጠብቅ? የሞተ ሰው ቃል ይከበራል። በሕይወት ያለ ሰው ደግሞ ደጄ ይመጣል።

ያለቀውን ፎቶ በፖስታው ውስጥ እንዳለ ተውኩት። እሱ ትእዛዟ ነው፣ አልነካውም።

ከዚያ ጥጥ፣ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት አኳራጅ፣ ቀስ ብዬ። እርሳሱ ወደ ጥጡ መጣ። አሳደግኋት፣ 30 በ40። ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ሲዋኝ መጀመሪያ ጸጉሯ መጣ፣ ከዚያ ዓይኗ፣ ከዚያ ጠባሳው። አሥራ አራት ዓመት ጠባሳ ሳጠፋ ኖርኩ። ስመልስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

መጋቢት 11፣ ዓርብ። ከሰዓት

ወ/ሮ ዱሬቴ ገቡ። ያው በርጩማ፣ ያው ፏፏቴ። አስናቀችን አጠገቤ እንድትሆን ለመንኳት፤ መጣች።

መጀመሪያ ጥፋቴን ነገርኳቸው። በሁለቱም ቋንቋ፣ በሁለቱም ክፉኛ። በር ላይ ያለችው ልጅዎ አይደለችም። የሳሟት የሌላ ሰው ልጅ ናት። ተሳሳትኩ። ከዚያም አውቄ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ።

አልጮሁም። መሬት መሬት ያያሉ። በመጨረሻ ያቺ ልጅ በሕይወት አለች ወይ ብለው ጠየቁ። አለች፣ ልብስ ትሰፋለች አልኩ።

«ያለቀስኩባትን እንባ ጌታ ዕድሜ ያድርግላት» አሉ።

አስናቀች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ትልቁን ፎቶ አወጣሁ። ጭናቸው ላይ አደረጉት። አውራ ጣታቸው ወዲያው ጠባሳው ላይ አረፈ፣ ሳይፈልግ። ስሟን ጠሩ። በቋንቋቸው ብዙ ተናገሩ፤ ግማሹን አልሰማሁም፣ የሰማሁትንም እዚህ አልጽፍም።

ፖስታውን ሰጠኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ አነበብኩላቸው። ጠባሳው ይጥፋ። ለእናት የሚላክ። ድገምልኝ አሉ። ደገምኩ። ሦስተኛ ጊዜ አስነበቡኝ። ትንሿን ፎቶ አይተው ንጹሑን ግንባር በጣታቸው ነኩት።

ባየሁት ቁጥር አለቅስ ነበር አሉ። ትንሽ ልጅ ሆና በእጇ ትሸፍንልኝ ነበር።

ትልቁን ለእርስዎ፣ ትንሹንም ለእርስዎ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሿን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ብብታቸው ውስጥ ከተቷት። «ይቺ ለእኔ የላከችው ናት። ደረሰችኝ።» ትልቁን ወደ እኔ ገፉት። «ይቺን ስቀላት። ያለቀሰላት ሰው ይያት።»

ደብተሬ፣ አለቀስኩ። ድንኳኑ ውስጥ አላለቀስኩም ነበር። አስናቀች መሐረብ አቀበለችኝ፣ የራሷን፣ የረጠበውን።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል

ምርቃቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ወንበር የጫነ ጋሪ ሲያልፍ አየሁ።

አቶ ወልዴ ትናንት ማታ ሰማ። ሰው ልኮ ተው ብሎኛል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ራሱ መጣ። ትልቁን ፎቶ አሳየሁት። ቆሞ አየው። እኔ ነኝ ያወጣኋት፣ ፊቷን ግን አላየሁም ነበር አለ። ከዚያ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ መሠረት ትመጣለች። እዚያ ቆሜ ሲያዩኝ ይበቃቸዋል ብላለች። አቶ ከድርም እንደሚመጣ ተነግሯል።

አስናቀች ሸሚዜን ተኩሳለች። መዶሻ ይዣለሁ፣ ምስማር ይዣለሁ። ፎቶው በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። ወ/ሮ ዱሬቴ በሩ ላይ ናቸው፤ ነጠላቸውን በየጊዜው በእጃቸው ይነካሉ፣ ትንሿ ፎቶ አለች እንደሆነ።

ቀድሜ የልብስ ሰፊዋን ፎቶ አወርዳለሁ። ይህን እሰቅላለሁ። ሰው ሁሉ ባለበት እናገራለሁ። የመጀመሪያው ቃሌ «እኔ አላውቃትም ነበር» ነው። ከዚያ የሚቀጥለውን አላዘጋጀሁም።